የሄሬዝ ወይንና የእናቴ እርሾ፦ አምስት ወር ተምሬ የገባኝ

ስለ ሄሬዝ ወይን መማር ከጀመርኩ አምስት ወር ሆነኝ። ሄሬዝ ደቡብ ስፔን፣ አንዳሉሲያ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። እንግሊዞች ሼሪ የሚሉት ወይን ስሙን ያገኘው ከሷ ነው፤ በዓረቦች ዘመን ሸሪሽ ትባል ነበር።

መጀመሪያ የገዛሁት ፊኖ የሚባለውን ነው። ደረቅ፣ ፈዛዛ፣ ሊጥ ሊጥ የሚሸት። ትንሽ ቀምሼ ከደንኩና ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ጠንከር ያለ መጠጥ ስለሆነ ምንም አይሆንም ብዬ ነበር። ከወር በኋላ ስከፍተው ቀለሙ ጠቁሯል፣ ያ ሽታው የለም። በጣም አዘንኩ። ምክንያቱ የገባኝ ሄሬዝ ሄጄ በርሜል ውስጥ ሳይ ነው።

ግንባሩ መስታወት የሆነ በርሜል አሳዩን። እስከ አፉ አይሞላም፤ 600 ሊትር በሚይዘው ውስጥ 500 ያህል ነው የሚደረገው። ወይኑ ላይ ነጭ፣ የተጨማደደ ነገር ተዘርግቷል። ልክ የፈላ ወተት ሲበርድ እንደሚይዘው ስልባቦት። ፍሎር ይሉታል፣ አበባ ማለት ነው። ሕይወት ያለው እርሾ ነው፤ ወይኑን ከአየር ይጋርደዋል። አልኮሉ 15 በመቶ አካባቢ ሲሆን ይኖራል። 17 ከደረሰ ይሞታል። ከመጀመሪያው 17 የተደረገ ወይን ፍሎር ሳይሸፍነው አየር እያገኘ ይጠቁርና ኦሎሮሶ የሚባለው ሌላ ዓይነት ይሆናል። ጠርሙስ ውስጥ የገባ ፊኖ ግን ፍሎሩ ስለሌለ ጠባቂ የለውም። አሁን ፍሪጅ አስቀምጬ በሳምንት ውስጥ እጨርሰዋለሁ።

ሶሌራ የሚሉትን ወይን የማቆያ ዘዴ ግን ደጋግሜ አንብቤም አልገባኝም ነበር። በርሜሎቹ በረድፍ ይደራረባሉ። ለሽያጭ የሚቀዳው ከታችኛው ረድፍ ነው። የጎደለው ከበላዩ ካለው ይሞላል፣ የዚያም ከበላዩ። አዲሱ ወይን የሚገባው ከሁሉም በላይ ነው። የታችኛው በርሜል መቼም ባዶ አይሆንም። ይህን ቆሜ ሲያስረዱኝ እናቴ ትዝ አለችኝ። ሊጥ ባቦካች ቁጥር ከቡሃቃው እርሾ ታስቀራለች። አዲሱን የሚያቦካው የቀደመው ነው። በቃ፣ ቁልጭ አለልኝ።

የቤተሰብ ቦዴጋዎችን፣ ማለትም ወይን የሚያቆዩ ቤቶችን፣ የወደድኳቸውም ለዚህ ነው። ዛሬ የሚሞላ በርሜል ፍሬውን የሚያዩት ልጆች ናቸው። ኤል ማኤስትሮ ሲየራን እዩ። እ.ኤ.አ. በ1830 የመሠረተው በርሜል ሠሪ ነበር። በኛ ዘመን ደግሞ እናትና ልጅ ለብዙ ዓመታት አብረው መርተውታል። ቦዴጋው ለረጅም ጊዜ ወይኑን አቆይቶ ለትልልቅ ነጋዴዎች ያስረክብ ነበር፤ እንዲህ ያሉትን አልማሴኒስታ ይሏቸዋል። በራሱ ስም ማሸግ የጀመረው ኋላ ነው። ስንት ጥሩ ወይን በሰው ስም እንደተሸጠ ሳስበው ይቆጨኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። የቦዴጋው ወለል አፈር ነው፤ በበጋ ውሃ ይረጩታል። ፍሎሩ ቅዝቃዜና እርጥበት ይወዳል። ስትገቡ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ዝናብ የነካው የአፈር ሽታ ነው።

አሁን ፊኖና ኦሎሮሶን ዓይኔን ጨፍኜ እለያለሁ። የቀረኝ አሞንቲያዶ ነው፤ በፍሎር ስር ጀምሮ በአየር የሚጨርሰው። ጠርሙሱ ተገዝቷል፣ ቅዳሜ እከፍተዋለሁ።