ለሁሉም ያው ካርታ

ሐዋሳ፣ ቅዳሜ ማታ

ድካሙ ከባድ ነው፤ እንቅልፍ ግን እምቢ ብሎኛል። ስለዚህ ልጻፈው። ዛሬ የመጀመሪያውን የብሪጅ ውድድራችንን አደረግን። አሥራ ስድስት ተጫዋች፣ አራት ጠረጴዛ፣ አንድ ዳኛ። ቦታው ጨዋታውን ያስተማሩን የጋሼ ግቢ፣ ማንጎው ሥር።

ብሪጅ የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ለማታውቁ በአጭሩ ልንገራችሁ። አራት ሰው ይቀመጣል። ፊት ለፊት የሚተያዩት ሁለቱ አንድ ወገን ናቸው። ቦታቸው በአቅጣጫ ይጠራል፤ ሰሜንና ደቡብ በአንድ ወገን፣ ምሥራቅና ምዕራብ በሌላው። 52ቱ ካርታ ይታደልና ለእያንዳንዱ 13 ይደርሰዋል። አራቱም አንዳንድ ካርታ ሲጥሉ አንድ ትሪክ ይባላል። ከጨዋታው በፊት ግን ጨረታ አለ። «እኛ ይህን ያህል ትሪክ እንበላለን፣ ትረምፑም (ሌሎቹን የሚበላው የካርታ ዓይነት) ስፔድ ይሁን» እየተባለ ዋጋው ይወጣል። ከፍተኛውን የጠራው ወገን ውል ገባ ማለት ነው። ቃሉን ከሞላ ነጥብ ያገኛል። ካልሞላ ነጥቡ ለተቃራኒው ይሄዳል።

ጋሼ ይህን ጨዋታ የለመዱት በወጣትነታቸው፣ ውጭ አገር ሲማሩ ነው። ከተመለሱ በኋላ ለብዙ ዓመት አብሯቸው የሚጫወት ሰው አጡ። ከሁለት ዓመት በፊት እኔንና ታናሽ ወንድሜን ጨምረው ስድስት ሰው ሰበሰቡና ማስተማር ጀመሩ። አንዱ አንዱን እየጠራ አሥራ ስድስት ደረስን። ከሻሸመኔ በታክሲ የሚመጡ እናትና ልጅ እንኳ አሉን።

እኛ ኮንከር እየተጫወትን ያደግን ነን። በኮንከር የተሸነፈ ሰው የሚለው ነገር አንድ ነው። «ካርታ አልመጣልኝም።» ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። ጋሼ ግን ይህችን አባባል አይወዷትም። «ውድድር ላይ እንዲህ ማለት አይቻልም» ይሉን ነበር። ለምን እንደማይቻል በደንብ የገባኝ ዘንድሮ፣ ዝግጅቱን እኔ ስረከብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በውድድር አንድ ካርታ የሚበወዘው አንዴ ብቻ ነው። ትሪክ ሲበላ ካርታው መሐል ላይ አይከመርም። እያንዳንዱ የጣለውን እፊቱ ይደፋዋል። ጨዋታው ሲያልቅ ያንኑ 13 ካርታ ወደ ኪሱ ይመልሳል። አራት ኪስ ያለው መያዣ አለ፤ ቦርድ ይባላል። ቦርዱ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ይሄዳል። እዚያ ሰሜን የተቀመጠው ሰው፣ እዚህ ሰሜን የተቀመጠው የያዘውን ያንኑ እጅ ያነሣል። ስለዚህ የምትወዳደረው አጠገብህ ከተቀመጠው ጋር ብቻ አይደለም። በሌላ ጠረጴዛ ያንተን ካርታ ከያዘው ሰው ጋር ነው። መጥፎ እጅ ደረሰህ? ለእሱም ያው ነው የደረሰው። ሁለታችሁም ውላችሁን ሳትሞሉ ብትቀሩ፣ በአንድ ትሪክ የወደቀው በሦስት ከወደቀው ይበልጣል።

ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ያደግኩት ሁሉ ነገር በዕድል በሚተረጎምበት ቤት ነው። ፈተና ሲወደቅ ዕድል። ሱቅ ሲዘጋ ዕድል። እናቴን አልወቅሳትም፤ ብዙው ነገር በእርግጥ ከእጇ ውጭ ነበር። እኔ ግን የተሰጠኝንና እኔ ያደረግኩትን የምለይበት መንገድ ኖሮኝ አያውቅም። ዛሬ ለጥቂት ሰዓት ነበረኝ።

ቦርድ የሚሸጥ ስላላገኘሁ ራሴ ሠራሁ። ለውድድሩ 21 ቦርድ ያስፈልገናል። 21 ካርቶን ቆረጥኩ። በእያንዳንዱ ላይ አራት ፖስታ በስቴፕለር መታሁ። በድምሩ 84 ፖስታ። ሰሜን፣ ምሥራቅ፣ ደቡብ፣ ምዕራብ ብዬ ጻፍኩባቸው። ማን ጨረታውን እንደሚጀምርም መጻፍ አለበት፤ በ1ኛው ቦርድ ሰሜን፣ በ2ኛው ምሥራቅ፣ እንዲያ እየዞረ። ከዚያ ደግሞ ቀይ እስክሪብቶ አነሣሁ። በየቦርዱ አንዱ ወገን፣ ወይም ሁለቱም፣ ወይም ማንም «የተጋለጠ» ይሆናል። የተጋለጠ ወገን ትልቅ ውል ሲሞላ ብዙ ያተርፋል፤ ሲወድቅም ብዙ ይከፍላል። ይህን ሐሳብ ከነነጥብ አሰጣጡ አስተካክሎ የዛሬውን ብሪጅ ያወጣው ሃሮልድ ቫንደርቢልት የሚባል አሜሪካዊ ነው። በ1925 እ.አ.አ. በፓናማ ቦይ በሚያልፍ መርከብ ላይ ሆኖ ነው ከጓደኞቹ ጋር የሞከረው። ጋሼ ይህን ሲያወሩ ዛሬም ዓይናቸው ይበራል።

ካርታ ማግኘቱ ከሁሉ ከበደኝ። ለየቦርዱ የራሱ ሙሉ ካርታ ያስፈልጋል። 12 ከፒያሳ ሱቆች ገዛሁ። ዘጠኙን ከየቤቱ ለመንኩ።

ሌላው ራስ ምታት የዙሩ ነገር ነበር። ልጆቹ መጀመሪያ ያሉት «ጥሎ ማለፍ ይሁን» ነው። እንደ ኳስ። ጋሼ በጭራሽ አሉ። «ከሻሸመኔ የመጣ ሰው በግማሽ ሰዓት ተሸንፎ ይመለስ?» ስለዚህ ሃወል የሚባለውን አሠራር ያዝን። ስምንት ጥንድ ነን። ሰባት ዙር እንጫወታለን። እያንዳንዱ ጥንድ ከሌሎቹ ሰባት ጋር አንድ አንዴ ይገናኛል። በየዙሩ ሦስት ቦርድ። 8 ቁጥር ከቦታው አይነሣም። ሌሎቻችን በየዙሩ ከእኛ በፊት ያለው ቁጥር ወደ ለቀቀው ወንበር እንሄዳለን፤ 1 ቁጥር 7ን ይከተላል። ሰንጠረዡን ሦስት ማታ አፈጠጥኩበት። አንድ ቦታ ብሳሳት ሁለት ጥንዶች ሁለት ጊዜ ይገናኛሉ፣ ወይም አንዱ የተጫወተውን ቦርድ እንደገና ያገኛል። ጠረጴዛው ሲበዛ ሚቸል የሚባለው ይቀላል ይላሉ ጋሼ። በዚያ ሰሜንና ደቡብ ተቀምጠው ይቀራሉ፤ ምሥራቅና ምዕራብ ወደ ላይ፣ ቦርዶቹ ወደ ታች ይሄዳሉ። እዚያ እስክንደርስ ሃወል ይበቃናል።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ጀመርን። ጋሼ አጭር ንግግር አደረጉ። ካርታችሁን ሳትገልጡ ቁጠሩ፤ 13 ካልሆነ እንዳታዩት። እኔ በሆዴ ይህ ምን ያስፈልጋል ብዬ ነበር። ወዲያው ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ምዕራብ «12 ነው» አለ። ወለሉ ታየ፣ ወንበሩ ተነሣ፣ የለም። ከለመንኳቸው ካርታዎች አንዱ ቀድሞውኑ ጎዶሎ ነበር። የጠፋው የክለብ ሰባት ነው። ጋሼ ጆከሩን አወጡ። በብሪጅ ጆከር ሥራ የለውም፤ ጀርባው ግን ከሌሎቹ ጋር አንድ ነው። በእስክሪብቶ «ክለብ 7» ብለው ጻፉበትና ሰጡት። ቀኑን ሙሉ ያ ጆከር በታማኝነት ክለብ ሰባት ሆኖ ዋለ።

ሁለተኛው ዙር ላይ «ዳኛ!» ተባለ። አንዲት እህት ተራዋ ሳይሆን የዳይመንድ ንጉሥ ከፍታ ጣለች። የመጀመሪያው ካርታ ተደፍቶ ነው መውጣት ያለበት። ይህ ሕግ የተሠራው ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ነው፤ በደስታ ረሳችው። ልጅቷ ደነገጠች። ጋሼ ቀስ ብለው መጡ። ማንንም አልተቆጡም። ውል የያዘው ወገን የአንዱን እጅ ጠረጴዛው ላይ ገልጦ ዘርግቶ ነው የሚጫወተው። ውሉን ለያዘው ልጅ አምስት ምርጫ እንዳለው ነገሩት። ካርታውን ተቀብሎ የራሱን እጅ ዘርግቶ ጨዋታውን ለተጣማሪው መስጠት ይችላል። ወይም ተቀብሎ፣ የተጣማሪውን እጅ አስዘርግቶ ራሱ ይጫወታል። ወይም አልቀበልም ብሎ፣ ተራው የሆነው ሰው ዳይመንድ እንዲያወጣ ያስገድዳል። ወይም ዳይመንድ እንዳያወጣ ይከለክላል። ወይም የፈለገውን አውጣ ይለዋል፤ ያኔ ግን ያ ንጉሥ ጠረጴዛ ላይ እንደተገለጠ ይቀመጣል። ልጁ ሲያስብ ሁሉም ዝም አለ። ጥፋት ለሠራም ሆነ ለተበደለ ሕጉ እንዲህ በሰከነ መንገድ መንገዱን ሲያሳይ ማየት ደስ ይላል።

ዝምታውን ከሁሉ በላይ ወደድኩት። ጨረታችን በድምፅ አልነበረም። በወረቀት ላይ እየጻፍን ነው የተጫረትነው። ድምፅ ብዙ ይናገራል። ያው «ፓስ» (አልጠራም) የምትለው ቃል በደከመ ድምፅ ስትባል ሌላ ናት፣ በችኮላ ስትባል ሌላ። ተጣማሪህ ማወቅ ያለበት የጠራኸውንና የጣልከውን ካርታ ብቻ ነው። በትልልቆቹ ውድድሮች ተጣማሪዎቹ እንዳይተያዩ ጠረጴዛው ላይ ሰያፍ መጋረጃ ይቆማል። ለመጀመሪያ ጊዜ የቆመው በ1975 እ.አ.አ. ቤርሙዳ ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ነው። በዚያው ውድድር ሁለት ተጫዋቾች በጠረጴዛው ሥር በእግር ሲነካኩ ታይተው ከባድ ተግሣጽ ደረሰባቸው። ዛሬ ከጠረጴዛው በታችም ይዘጋል። እኛ መጋረጃ የለንም። ያለን አንዳችን በሌላችን ላይ ያለን እምነት ነው።

አሁን ወደ 14ኛው ቦርድ ልምጣ። እንቅልፍ የከለከለኝ እሱ ነው።

እኔ ደቡብ፣ ወንድሜ ሰሜን። ምሥራቅ አንድ ሃርት ብሎ ከፈተ። ፓስ አልኩ። ምዕራብ ሦስት ሃርት ጻፈች። ወንድሜ እስክሪብቶውን አነሣ። አስቀመጠው። እንደገና አነሣ። ሁለት ደቂቃ ያህል አሰበ። ከዚያ ፓስ ጻፈ። ምሥራቅም ፓስ አለ። ተራው የእኔ ሆነ። አምስት ስፔድ ይዣለሁ፤ ትልልቅ ካርታ ግን ብዙ የለኝም። ሦስት ስፔድ ልበል?

ወንድሜ ያን ያህል ሲያስብ ባዶ እጅ እንዳልያዘ አውቄያለሁ። አወቅኩ፤ ማወቅ ግን አልነበረብኝም። ሕጉ ግልጽ ነው። ማሰብ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን ተጣማሪህ በመዘግየቱ የሰጠህን ወሬ ልትጠቀምበት አትችልም። ሁለቱም የሚያስኬዱ ምርጫዎች ከሆኑ፣ መዘግየቱ የጠቆመህን ትተህ ሌላውን ትወስዳለህ። ያለ እሱ ሁለት ደቂቃ እጫረት ነበር? በቅን ልቦና ራሴን ጠየቅኩ። መልስ አጣሁ። መልስ ካጣሁ ደግሞ የሚቀረኝ አንድ ነገር ነው። ፓስ ጻፍኩ።

ሦስት ሃርት ማለት ከስድስት በላይ ሦስት፣ ዘጠኝ ትሪክ ማለት ነው፤ ልክ በዘጠኝ ሞሉት። ለእነሱ 140።

የነጥቡ ወረቀት በሰሜን ኪስ ታጥፎ ከቦርዱ ጋር ይዞራል። ሁሉም ሲያልቅ ነው የሚገለጠው። አቆጣጠሩ ማች ፖይንት ይባላል። በየቦርዱ፣ በአንተ አቅጣጫ ከተቀመጡት ሦስት ጥንዶች ለምትበልጠው ሁለት፣ እኩል ለሆንከው አንድ ታገኛለህ። ከፍተኛው ስድስት ነው። ስለዚህ ትንሿ ልዩነት ትልቅ ትሆናለች። 6ኛው ቦርድ ላይ አንዱ ጥንድ 450፣ ሁለቱ 420፣ አንዱ 170 አገኙ። በ30 ነጥብ ብቻ የበለጠው ስድስቱን ሙሉ ወሰደ። ሁለቱ ሦስት ሦስት ደረሳቸው። አንዷን ተጨማሪ ትሪክ ለማግኘት የደከመ ሰው ድካሙ አልቀረበትም።

14ኛው ሲገለጥ፣ በሌሎቹ ሦስት ጠረጴዛዎች ሰሜንና ደቡብ ሦስት ስፔድ ተጫውተዋል። ሁለቱ ሞልተው 140 አግኝተዋል። አንዱ በአንድ ወድቆ 50 ከፍሏል። እኛ 140 ከፍለናል። ከስድስት ዜሮ።

በድምሩ ከ126 ነጥብ 58 አገኘን፤ 46 በመቶ። ያሸነፉት የሻሸመኔዎቹ እናትና ልጅ ናቸው፤ በ79። ልጅቷ እናቷን አቅፋ አለቀሰች። ከአሞራ ገደል የመጣው ዓሣ እስኪቀዘቅዝ ሁሉም ስለ አንድ አንድ ቦርድ ሲያወራ ነበር። «14ን ምን አደረጋችሁት?» ማንም ካርታ አልመጣልኝም አላለም። ሊል አይችልም። ካርታው ለሁላችንም መጥቷል።

ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ወንድሜ ዝም ብሎ ቆየ። በኋላ «ስፔድ ነበረሽ አይደል?» አለኝ።

«አምስት።»

«ታዲያ ለምን?»

«አሰብክ።»

መስኮት የሌለውን የባጃጅ ጎን እያየ ትንሽ ዝም አለ። «ሁለተኛ ፈጠን እላለሁ» አለ። አይደለም አልኩት። አስብ። ማሰብ መብትህ ነው። እኔን የሚመለከተውን ለእኔ ተወው። እጄን ያዝ አደረገኝ።

አንድ ነገር ግን ከልቤ አልወጣም። ጋሼ በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ውድድር ውስጥ ለመቀመጥ ስንት ዓመት ጠብቀዋል። ቀኑ ሲመጣ ግን ቆመው ዋሉ። ሕጉን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስለሌለን ነው። ዳኛ እየተጫወተ ሲዳኝ አይጥመኝም ብለው ወንበሩን ለሌላ ሰጡ። ፖስታዎቹን ስሰበስብ ይህን ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ በሚቀጥለው እርስዎ ይጫወታሉ። ዳኛዋ እኔ ነኝ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ሕጉን ታውቂዋለሽ ልጄ?»

«አጠናዋለሁ።»

«እሺ፤ ሰው ያለ ተራው ካርታ ከፍቶ ቢጥል ውሉን የያዘው ስንት ምርጫ አለው?»

«አምስት!»

«ንገሪኛ።»

በጣቴ እየቆጠርኩ ጀመርኩ። አራቱን አልኩ። አምስተኛው ጠፋኝ። ጠዋት በጆሮዬ የሰማሁት ነገር እኮ ነው። ጋሼ አልነገሩኝም። ጆከሩን ከፖስታው አውጥተው ደረት ኪሳቸው ከተቱና «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነዪ» አሉኝ።

አሁን ይህን ስጽፍ ትዝ አለኝ። ንጉሡ እንደተገለጠ ይቀመጣል።