ቡላ ጾም አያውቅም

ሁዳዴ ሲገባ ጎንደር ውስጥ የሚጨነቀው ባለ ሉካንዳው ብቻ አይደለም። እኔም አለሁበት። ቡላ የሚባል ውሻ አለኝ፤ ዘሩ ካንጋል የሚባል ትልቅ የበግ ጠባቂ ነው። ክብደቱ ከ50 ኪሎ በላይ ነው፤ እስከ ወገቤ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ሉካንዳው ለ55 ቀን ሲዘጋ፣ ቤቱም ሽሮና ምስር ብቻ ሲሆን፣ ይሄ ፍጥረት ምን ይብላ?

«ትርፍራፊ ስጠዋ!» ይሉኛል። የእናቴ ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራማ! ቀዩም ነጩም ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። ቀይ የደም ሴሉን ያፈርስበታል። አንድ ጉርሻ ላይጎዳው ይችላል፤ በየቀኑ ሲሆን ግን ደሙን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ከቅበላ በፊት ሳንባና ጨጓራ ገዝቼ ፍሪጅ ውስጥ አከማቻለሁ። መብራት ከጠፋ ጉዴ ፈላ። ያኔ ሩዝ በእንቁላል ነው። እናቴ ለእሱ ብቻ አንድ አሮጌ ድስት መድባለታለች። «የጾም ዕቃዬን እንዳትነካብኝ!» ብላ አስጠንቅቃኛለች። የሳንባው ሽታ ሲነሳ አማትባ የጓዳውን በር ትዘጋለች። ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ «ምነው ልጄ፣ ከሰው በላይ ቀለብ ተቆረጠለት እኮ!» ትለኛለች። ምን እላታለሁ? በዚህ ኑሮ ውድነት ቅሬታዋ ይገባኛል።

ምግቡን አንዴ አላወርድለትም፤ ጠዋትና ማታ እከፍለዋለሁ። እንደ እሱ ደረቱ ጥልቅ የሆነ ትልቅ ውሻ ሆዱ ተነፍቶ ሊዞርበት ይችላል። ከዞረ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። በልቶ ወዲያው እንዲሮጥም አልፈቅድለትም። ቡችላ እያለ «አጥንቱ እንዲጠነክር ካልሲየም ስጠው» ያለኝ ሰው ብዙ ነበር። ሐኪሙ ግን ከለከለኝ። የትልቅ ዝርያ ቡችላ አንጀት ትርፉን ካልሲየም አልቀበልም ማለት አይችልም፤ ሲበዛበት አጥንቱ ተጣሞ ያድጋል። እንዲህ ያለ ውሻ ቀስ ብሎ ማደግ አለበት። ቶሎ ማወፈር መገጣጠሚያውን መግደል ነው።

ትልቁ ክርክር ግን የሰንሰለት ነው። እዚህ ላይ ከአባቴ ጋር ተስማምተን አናውቅም። «ቀን ያልታሰረ ውሻ ሌሊት አይነቃም። ሰው ከለመደማ ምኑን ውሻ ሆነ?» ይላል አባባ። ሰፈሩም በሙሉ ከእሱ ጋር ነው። አስረው፣ አስርበው፣ ክፉ ይሁን።

እኔ አይዋጥልኝም። የካንጋል አገሩ ቱርክ ነው፣ ሲቫስ የሚባል አውራጃ። እዚያ ሥራው በግ ከተኩላ መጠበቅ ነው። እረኞቹ ክፋት አያስተምሩትም። ከቡችላነቱ ጀምሮ ከበጎቹ ጋር ያሳድጉታል፤ የለመደውን ሁሉ የራሱ ያደርጋል፣ የራሱን ደግሞ አያስነካም። ናሚቢያ ውስጥ የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን የውሻ ዘር ለገበሬዎች ሲሰጥ ኖሯል። ገበሬው ፍየሌን በላብኝ እያለ አቦሸማኔ ይገድል ነበር። ውሻው ግን ብዙ ጊዜ መደባደብ እንኳ አያስፈልገውም። መሃል ገብቶ ይቆማል፣ ይጮኻል፤ አቦሸማኔው ዞሮ ይሄዳል። ፍየሉም አቦሸማኔውም ይተርፋሉ። የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው፦ ጥሩ ጠባቂ ጠላትን ከወዳጅ የሚለይ ነው። ሰንሰለት ላይ ያደገ ውሻ በምን ይለያል? ሁሉም ሰው ለእሱ አንድ ነው።

ደግሞ ቤታችን የጎንደር ቤት ነው። ቡና የሚጠጣው ይመጣል፣ ማኅበርተኛው ይመጣል፣ ልቅሶ ደራሹ ይመጣል። ቡላ ይህንን ሁሉ ሰው መቻል አለበት። ትንሽ እያለ ክትባቱን ሲጨርስ ማራኪ አካባቢ ይዤው እዞር ነበር። ባጃጅ አሳየሁት፣ ከትምህርት ቤት የሚወጡ ልጆች አሳየሁት። ከሁሉ የከበደው ጃንጥላ የዘረጋ ቄስ ነበር! አሁን እንግዳ ሲገባ ተነስቶ ያየዋል፣ እኔን ያየኛል፣ ተመልሶ ይተኛል። ጥምቀት ላይ ግን ግቢው ውስጥ ነው የሚውለው። ያን ሁሉ ሕዝብና እልልታ ቻል ማለት ግፍ ነው።

ሌሊት ሌላ ሰው ነው፤ ሰው ካልኩት። ጅብ ሲጮህ ድምፁ ይለወጣል፣ ግቢውን ይዞራል። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚለው ተረት እኛ ቤት ቃል በቃል ይሠራል። ቡላ መቆፈር ይወዳልና የአጥሩን ሥር በድንጋይ አስሞልቻለሁ። ክረምት ሲመጣ ጭቃውና መዥገሩ አለ። በበጋ ፀጉሩን እንላጨው የሚሉኝ አሉ፤ ፀጉሩ ከፀሐይም ይከላከልለታል። ጥላና ውኃ ይበቃዋል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን በየዓመቱ አስወጋዋለሁ። በዓለም ላይ የበሽታው ቀን የሚታሰበው ሴፕቴምበር 28 ነው፤ ለእኛ ብዙ ጊዜ የመስቀል ማግስት ስለሚሆን አይረሳኝም። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥቦ ያኔውኑ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። እኛ አገር ግን መጀመሪያ ወደ መድኃኒት አዋቂ መሮጥ ይቀናናል። ደባርቅ ላለ ዘመዴ ይሄንኑ ስነግረው ቀይ ቀበሮንም አነሳሁለት። በዓለም ላይ ያሉት ከ500 የማይበልጡ ናቸው ይባላል። ስሜን ተራሮች ከሚኖሩባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ባሌ ላይ ከቤት ውሻ በተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ አልቀዋል። ያልተከተበ የአንድ ገበሬ ውሻ ይበቃል።

ሰሞኑን ቡችላ ያዝልን የሚሉኝ በዝተዋል። አንዱ ግቢው አጥር የለውም። ሌላው «አስሬ ነው የማሳድገው» አለኝ። ለሁለቱም አልሰጥም ብያለሁ። አባባ «ጎረቤት ታስቀይማለህ» እያለኝ ነው። ያስቀይማቸው።