ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ የሚያስቸግር መኪና፦ በሞቀ ሞተር ላይ የሚደረግ ምርመራ ለምን እንዳልጠቀመኝ

መኪናዬ ጠዋት ሲነሳ ሚኒሞው (ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ይዋዥቅ፣ ሞተሩም ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ማርሽ አስገብቼ ቤንዚን ስሰጠው ደግሞ ኃይሉ ይቋረጥና አልፎ አልፎ ጨርሶ ይጠፋል። ከሞቀ በኋላ ግን ምንም እንከን የለበትም። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ችግር የገጠመው ሰው እኔ ለማያስፈልጉ ዕቃዎች ያወጣሁትን ገንዘብ እንዳያወጣ ነው።

ቀላሎቹን ነገሮች ራሴ አየሁ፤ ባትሪው ደኅና፣ የአየር ፊልትሮው ንጹሕ ነበር፤ በአየር ማስገቢያው ዙሪያ ያሉት ጎማዎችም አልተሰነጠቁም። ከዚያ ወደ ጋራዥ ሄድኩ፤ ጣጣው የጀመረውም እዚያ ነው።

እዚያ ስደርስ ሞተሩ ሞቆ ነበር። መካኒኩ አዳመጠ፣ የዲያግኖስቲክ ማሽኑን ሰካ፣ የስሕተት ኮድ አለመኖሩን አይቶ መኪናው ደኅና ነው አለ። ችግሩ ጠዋት ብቻ እንደሚታይ ብነግረውም ካንዴላ እንዲቀየር አዘዘ፤ ቀጥሎ የነዳጅ ፊልትሮ፣ ቀጥሎ የኢንጀክተር (የነዳጅ መርጫ) እጥበት መጣ። ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ የሚሞክሩት በሞቀ ሞተር ስለነበር ሁልጊዜ «ተስተካክሏል» ተብዬ እሸኛለሁ፤ በማግስቱ ጠዋት መኪናው ያው ነው። መኪናው እዚያው አድሮ ጠዋት ራሳቸው እንዲያስነሱት ብለምን ቦታ የለም ተባልኩ። በመጨረሻ ኮምፕሬሽኑ (በሲሊንደሮቹ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ይውረድ የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ ያውም ኮምፕሬሽኑን ማንም ሳይለካው! መለኪያውን በካንዴላው ቀዳዳ አስገብቶ ለማንበብ ያልፈለገ ሰው ሞተር ለመክፈት መቸኮሉ እስካሁን ያናድደኛል። መኪናዬን ይዤ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ የጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ በቀዝቃዛና በሞቀ ሞተር መካከል የሚለወጠው ምንድን ነው? ሞተር ሲቀዘቅዝ ቤንዚን በደንብ ስለማይተን ሞተሩን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ተጨማሪ ነዳጅ ይሰጣል፤ ምን ያህል እንደሚጨምር የሚወስነውም በዋናነት የማቀዝቀዣውን ውኃ ሙቀት የሚለካው ሴንሰር በሚነግረው መሠረት ነው። የነዳጅና የአየሩን ድብልቅ ከጭሱ አይቶ የሚያርመው የኦክሲጅን ሴንሰር ሥራ የሚጀምረው ራሱ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከሞቀ በኋላ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የውኃው ሴንሰር ቢሳሳት የሚያርመው የለም፤ ሞተሩ ሲሞቅ ደግሞ ስሕተቱ ይሸፈናል።

ብዙ የጥገና መመሪያዎች ሚኒሞና የነዳጅ መጠን ከመመርመሩ በፊት ሞተሩ እንዲሞቅ ያዛሉ። ለሌላ ብልሽት ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ለዚህኛው ግን ማስረጃውን ያጠፋል። እኔ መኪናውን አሳድሬ፣ ጠዋት ሞተሩን ሳላስነሳ ቁልፉን ብቻ ከፍቼ የሴንሰሮቹን ንባብ በዲያግኖስቲክ ማሽን አየሁ። ሌሊቱን በቆመ መኪና የሚገባው አየር ሙቀትና የውኃው ሙቀት ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። የእኔ መኪና አየሩን 17፣ ውኃውን ግን 50 ዲግሪ ይል ነበር። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ሞቅ ያለ መስሎት ነዳጅ ይቀንስ ነበር ማለት ነው። 50 ዲግሪ ሊኖር የሚችል ቁጥር በመሆኑ የስሕተት ኮድ አልተመዘገበም። በዳሽቦርዱ ያለው የሙቀት መርፌ ደግሞ እንደ ብዙ አሮጌ መኪኖች ከሌላ ሴንሰር ስለሚያነብ ትክክለኛውን ያሳይ ነበር።

ሽቦው ወይም ሶኬቱ እንዳይሆን ሴንሰሩን ነቅዬ በመልቲሜትር ለካሁት። የመኪናው መመሪያ በ20 ዲግሪ ከ2000 ኦም በላይ ይጠብቃል፤ የእኔ 700 ገደማ ነበር። ከዚያ ከቴርሞሜትር ጋር ውኃ ውስጥ አስገብቼ ሳሞቀው ልዩነቱ እየጠበበ ሄደ፤ በሞቀ ሞተር የተደረገው ፍተሻ ሁሉ ባዶ የሆነውም ለዚህ ነው።

ሶኬቱን ነቅሎ ልዩነት ካለ ማየት የሚለውን የተለመደ ምክር አልወደውም፤ ብዙ ኮምፒውተሮች ሴንሰሩ ሲነቀል የራሳቸውን ቋሚ የሙቀት ቁጥር ይተካሉ፣ ያ ቁጥር የሞቀ ሞተር ከሆነ መኪናው እንደ በፊቱ ያስቸግርና ሴንሰሩ ነፃ ነው ያሰኛል። መለካት ይሻላል። ንባቦቹ ትክክል ሆነው ከተገኙ ቀጥሎ የሚጠረጠረው የአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ጓርኒሲዮን (መጋጠሚያውን የሚያሽገው ስስ ንጣፍ) ነው፤ ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ አየር ያስገባል፣ ሲሞቅ ይገጥማል። እሱም የሚፈለገው በቀዝቃዛ ሞተር ነው።

ቅያሪው አጭር ሥራ ነው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ግን ሴንሰሩን መፍታትም ሆነ የራዲያተሩን ክዳን መክፈት አይገባም፤ ግፊት ያለው የፈላ ውኃ ክፉኛ ያቃጥላል። ከቅያሪው በኋላ የጎደለው ውኃ ተሞልቶ አየሩ መውጣት አለበት፤ ሴንሰሩ ዙሪያ አየር ከቀረ አዲሱም ቢሆን ተሳስቶ ያነባል። እኔ በማግስቱ ጠዋት ቁልፉን ከፍቼ ሁለቱን ንባቦች እንደገና አስተያየሁ፤ በአንድ ዲግሪ ብቻ ይለያዩ ነበር።