አንዲት «ካስል»

የፋሲል ግቢን ለጀርመን ጎብኚዎች የሚያስተዋውቅ አጭር ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ ወደ ጀርመንኛ እየመለስኩ ነው። የነገሥታቱ ስምና ዓመተ ምሕረቱ አላስቸገሩኝም። ያስቸገረችኝ «ካስል» የምትባል ቃል ናት። ጽሑፉ ዐፄ ፋሲል ያሠሩትን ሕንፃም፣ 900 ሜትር በሚረዝም ቅጥር የተከበበውን ግቢም፣ ቁስቋም ያለውን የእቴጌ ምንትዋብ ፍርስራሽም ሁሉንም «ካስል» እያለ ያልፋል። እንግሊዝኛ ሆደ ሰፊ ነው፤ ጀርመንኛ ግን «የትኛው?» ብሎ ይጠይቃል።

ለመከላከያ የታነጸ ከሆነ «ቡርግ» ነው፤ ንጉሥ የሚኖርበትና ግብር የሚያበላበት ከሆነ ደግሞ «ሽሎስ»። ድንበሩ ታዲያ ሁልጊዜ አይጠበቅም። የባቫሪያው ንጉሥ ሉድቪግ ሁለተኛ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1869 ማሠራት የጀመረው ኖይሽቫንሽታይን ከሩቅ ላየው ቡርግ ነው፤ ስሙ ግን ሽሎስ። ከሁሉ የሚያስቀኝ፣ ሕፃናት ከአሸዋ የሚሠሩት «ቡርግ» ሲባል ሰው በምኞቱ አየር ላይ የሚገነባው «ሽሎስ» መባሉ ነው። የቼዙ ካስል እንኳ ከሁለቱም አይደለም፤ ጀርመኖች «ቱርም»፣ ማማ ይሉታል።

አንድ አስጎብኚ ወዳጄ «ምን አደከመህ፣ ‹ፓላስት› ብለህ እለፈው» አለኝ። ይሆናል፤ ግን «ፓላስት» ቤተ መንግሥት ነው፤ ለእኔ ማማና ቅጥር አያሳየኝም።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሄጄ እንደ ባዕድ ቆሜ አየሁት። በአራቱ ማዕዘን የቆሙት ባለ ጉልላት ክብ ማማዎች፣ የጣሪያውን ዙሪያ የያዘው ጥርሳማ መከታ «ቡርግ ነኝ» ይላሉ። የበሩንና የመስኮቱን ቅስት የከበበው ቀላ ያለ ድንጋይ ግን ሌላ ነገር ይናገራል፤ ለጦር ብቻ የሚሠራ ሰው መስኮቱን እንዲህ አያስጌጥም። እኛ ጎንደሬዎች «ግንቡ» ብለን ተገላግለናል፤ ድንጋይና ኖራ መሆኑን ነገርን እንጂ ለውጊያ ይሁን ለግብር ማን ጠየቀን?

ለሕንፃው «ሽሎስ» ብያለሁ። «ግቢ»ን እንዳለ ትቼ ትርጉሙን አንድ ጊዜ ብቻ አስረዳለሁ፤ የቤተ መንግሥት ግቢነቱንም ቅጥርነቱንም አንድ ላይ የሚሸከም የጀርመንኛ ቃል አላገኘሁለትም። አሁን የቀረችኝ፣ ካስሉ በቁልፍ እንደሚዘጋ የምትናገር አንዲት መስመር ናት። ጀርመንኛ የበር መቆለፊያንም «ሽሎስ» ይለዋል። «የሽሎሱ ሽሎስ» ብዬ ለእንግዳ አላቀርብም፤ «በሩ ማታ ይዘጋል» ብዬ አልፌዋለሁ።