«ልዩ ልዩ ደረሰኞች»

የምሠራው በአሜሪካ ደቡብ፣ ጆርጂያ ውስጥ በሚገኝ ቤተ መዛግብት ነው። የአንድ የጥጥ እርሻ ባለቤት የቤተሰብና የሕግ ወረቀቶች እንዳደራጅ ተሰጡኝ፤ አብዛኞቹ በ1810ዎቹና በ1820ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተጻፉ ናቸው። ጆርጂያ በዚያ ዘመን ክሪክ ከሚባለው የአገሬው ተወላጅ ሕዝብ የተወሰደውን መሬት ለነጭ ነዋሪዎች በዕጣ ታድል ነበር። ስለዚህ የዕጣ መሬት ማረጋገጫው፣ የሽያጭ ውሉ፣ የወሰን ክርክሩና ኑዛዜው ብዙ ነው።

አለቃዬ ሕግ ነክ ሰነዶቹንና ደብዳቤዎቹን በዝርዝር፣ የቀረውን ግን «ልዩ ልዩ ደረሰኞች» ብዬ በአንድ መስመር እንድመዘግብ ነገረችኝ። ሥራ ተከምሮባት ስለነበር አልፈረድኩባት። ቢሆንም የንብረት ግምቱን ካነበብኩ በኋላ ደረሰኞቹን ማለፍ አልቻልኩም።

ባለመሬቱ ሲሞት ፍርድ ቤት የሰየማቸው ገማቾች ሀብቱን ቆጥረዋል። በሬው፣ ማረሻውና አልጋው በሰፈሩበት ዓምድ በባርነት የያዛቸው ሰዎችም ሰፍረዋል፤ አንድ ስም፣ ዕድሜ፣ ከዚያ የዶላር ዋጋ። ቀጥሎ ያለው የክፍፍል ወረቀት እነዚሁኑ ሰዎች በምድብ በምድብ ለወራሾች ያድላቸዋል። ማን የማን ልጅ እንደሆነ ግን አንዱም አይናገርም።

የተናገረው የሐኪም ሒሳብ ነው። ሐኪሙ ባለመሬቱን ገንዘብ ሲጠይቅ ያከማትን ሕፃን ከእናቷ ስም ጋር ጽፏታል። ስም ብቻውን ማስረጃ ስለማይሆን ዕድሜዋን ከግምቱ ጋር አመሳከርኩ፤ ገጠመ። ከዚያ ክፍፍሉን ገለጥኩ። እናቲቱ ለታላቁ ወንድ ልጅ፣ ሕፃኗ ለአማቹ ደርሳለች። አማቹ የሚኖረው በሌላ አውራጃ ነበር። ደሜ ፈላ።

ወረቀቶቹን ይዤ ወደ አለቃዬ ሄድኩ። በ1850ና በ1860 የሕዝብ ቆጠራዎች በባርነት የተያዙ ሰዎች በባለቤታቸው ስም ሥር በዕድሜ፣ በጾታና በቆዳ ቀለም ብቻ ተቆጥረዋል፤ የራሳቸው ስም በአብዛኛው የለም። ነፃ የወጡት ሁሉ በስማቸው የተመዘገቡበት የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ የ1870ው ነው። ዘራቸውን ፍለጋ ወደ እኛ የሚመጡ ጥቁር አሜሪካውያን ብዙዎቹ እዚያ ሲደርሱ መንገዱ ይዘጋባቸዋል። እኔ ያደግኩት ሰባት ቤት በሚቆጠርበት አገር ነው፤ ከአያት በላይ ስም ማጣት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ እዚህ ቤት ስሠራ ነው። የእነዚህ ሰዎች ስም በማውጫው ካልወጣ ልጅ ልጆቻቸው በማያውቁት ባለመሬት ስም ሊፈልጓቸው ነው፤ እንዴትስ ያገኟቸዋል? ይህንኑ ሳልለዝብ ነገርኳት።

አለቃዬ የሐኪሙን ሒሳብ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ጊዜም ጨመረችልኝ። ዛሬ እያንዳንዱ ስም ከተገኘበት አቃፊ ቁጥር ጋር በማውጫው ሰፍሯል፤ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተጽፈዋል። አዲስ ስብስብ ሲገባም የሐኪም ሒሳብ፣ የጫማና የብርድ ልብስ እደላ ዝርዝር ቀድመው ይነበባሉ። ገማቾቹ የተመኑት ዋጋ ከስሙ አጠገብ ይውጣ አይውጣ በሚለው ግን እስካሁን አልተስማማንም፤ እኔ አይውጣ ባይ ነኝ።