ሪሞት ዲበገር ተያይዞ ወዲያው ሲቋረጥ «ኔትወርክ ነው» ቢሏችሁ እንዳትቀበሉ

ሪሞት ዲበገር ማለት ሌላ ማሽን ላይ የሚሮጥን ፕሮግራም ከራሳችሁ ኮምፒውተር ሆናችሁ እያስቆማችሁ ስህተቱን የምትፈልጉበት መሳሪያ ነው። እኔ ያለሁት ኮምቦልቻ ነው፣ ሰርቨሩ አዲስ አበባ፣ አፑ በጃቫ 17 ዶከር ኮንቴነር (አፑን ከሚያስፈልገው ነገር ጋር ለብቻው አሽጎ የሚያስሮጥ) ውስጥ ነው የሚሮጠው። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ያ ሁሉ ጊዜ አይባክንብኝም ነበርና ልጻፈው።

ቀላሉን ላስቀድም፣ ከጃቫ 9 ጀምሮ የዲበገሩ ትዕዛዝ አድራሻ (address) ላይ የፖርት ቁጥሩን 5005 ብቻ ከጻፋችሁ ከኮንቴነሩ ውጪ ማንም አይደርስበትም፣ *:5005 በሉት፣ አለቀ።

ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ችግሩ አፑ ገና ሲነሳ ስለነበር ዲበገር እስኪያያዝ እንዲጠብቅ ሰስፔንድን ዋይ (suspend=y) አደረግኩት። ሎጉ «ሊስኒንግ» ብሎ ይቆማል፣ አያይዛለሁ፣ ይያያዛል፣ ወዲያው ይቋረጣል፣ ብሬክፖይንቴ (ኮዱ እንዲቆም ምልክት ያደረግኩበት መስመር) ጋ አንዴም አይደርስም። ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ልጅ ጋ ስደውል «እኛ ጋ ሰላም ነው፣ የናንተ ሀገር ኔትወርክ ነው፣ ሪስታርት አድርገህ ሞክር» ይለኛል። ክፍለ ሀገር ላለ ሰው ይቺን መልስ መስጠት ቀላል ናት። ሃረጎን ወጥቼ ደሴ ፒያሳ ጓደኛዬ ቢሮ በሌላ መስመር ሁሉ ሞከርኩት፣ ያው ነው። ልጁ ግን ሎጉን ከፍቶ እንኳን አላየልኝም፣ እስካሁን ያናድደኛል።

በኋላ ሪስታርት ሳላደርግ ደግሜ ባያይዘው ያዘ! ያኔ ነው የገባኝ። እንደገና አስነስቼ፣ ሳላያይዝ በዶከር ቶፕ (docker top) ኮንቴነሩ ውስጥ የሚሮጡትን ፕሮሰሶች ሳይ እየጠበቀ ያለው የኛ አፕ ሳይሆን ኪቱል (keytool፣ ከጃቫ ጋር የሚመጣ የሰርተፊኬት ማስተዳደሪያ) ነው። ማስነሻው ስክሪፕት አፑን ከመጀመሩ በፊት በኪቱል ሰርተፊኬት ያስገባል፣ ኪቱል ራሱ ጃቫ ነው፣ የዲበገሩ ትዕዛዝ ደግሞ ጃቫ ቱል ኦፕሽንስ (JAVA_TOOL_OPTIONS) የሚባለው ቫሪያብል ላይ ስለተቀመጠ ኮንቴነሩ ውስጥ የሚነሳ ጃቫ ሁሉ ይወስደዋል። ስያያዝ የነበረው ከኪቱል ጋር ነው ማለት ነው፣ እሱ ስራውን ጨርሶ ሲወጣ ይቋረጣል፣ በነሱ ምክር ሪስታርት ሳደርግ ደግሞ ተመልሼ እዛው ኪቱል ላይ።

ትዕዛዙን ከቫሪያብሉ አውጥቼ ስክሪፕቱ መጨረሻ ላይ አፑን የሚያስነሳው መስመር ውስጥ ብቻ አስገባሁት፣ አንድ መስመር ናት፣ ከዛ በኋላ ከኮምቦልቻ በዛው «በማይረባው» ኔትወርክ ቀጥ ብሎ ብሬክፖይንቴ ላይ ቆመልኝ። ቫሪያብሉን ተጠቀሙ የሚሉ መመሪያዎች ብዙ ናቸው፣ እኔ ግን ከአንድ በላይ ጃቫ የሚነሳበት ኮንቴነር ላይ አታድርጉት ነው የምለው።

ደሞ 5005ን ለዓለም እንዳትከፍቱት፣ ዲበገሩ የሚገናኝበት ፕሮቶኮል ፓስዎርድ የለውም፣ የደረሰበት ሰው የፈለገውን ኮድ ያስሮጥበታል። ዩኤፍደብሊው (የሊኑክስ ፋየርዎል) አለኝ ብላችሁም አትተማመኑ፣ ዶከር የሚከፍተው ፖርት እሱን አልፎ ነው የሚሄደው። ዶከር ላይ ፖርቱን ስትከፍቱ 127.0.0.1:5005:5005 ብላችሁ ሰርቨሩ ላይ ብቻ አስሩትና በኤስኤስኤች ታነል (ወደ ሰርቨሩ በሚወስድ የተመሰጠረ መስመር) ግቡ።