የጋሼ ፊልሞች፣ ለዕንቁጣጣሽ

እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ! ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሶ፣ የዶሮው ጉዳይም እልባት አግኝቶ እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ደጅ አበባየሆሽ ያሉት የመጨረሻዎቹ ልጆች ዘፈኑን ከመሀል ጀምረው ብሩን ሲቀበሉ ጨረሱት። ኑሮ መወደዱን እነሱም ሰምተዋል ማለት ነው።

በየዓመቱ ለዚህች ቀን የምወዳቸውን ፊልሞች እዘረዝርላችኋለሁ፤ እናንተም «ይሄንን እንዴት ተውከው?» እያላችሁ እስከ መስቀል ትሞግቱኛላችሁ። ዘንድሮ ጳጉሜ ላይ ለመጻፍ ቁጭ ስል አልሄድልህ አለኝ። የማነሳው ፊልም ሁሉ ወይ ከጋሼ ጋር ያየሁት ነው፣ ወይ ጋሼ የተቆጡበት። አጎቴ ሐምሌ ላይ ነው ያረፉት። ለቅሶ የደረሳችሁ ታውቃላችሁ። ስለዚህ የዘንድሮው ዝርዝር የሳቸው ነው፤ ቅሬታ ያለው እኔ ጋ አይምጣ።

ላላወቃችኋቸው፣ ጋሼ የዕድሜያቸውን እኩሌታ ያሳለፉት ሲኒማ ቤት፣ ያውም ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው የማሽን ክፍል ውስጥ ነው። ፊልም በቆርቆሮ ተጭኖ የሚመጣበት ዘመን ነበር። አንድ ባለ35 ሚሊሜትር ጥቅል ሃያ ደቂቃ ገደማ ቢሄድ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ሁለት ነው፤ አንደኛው ሲያልቅ ሌላኛው አዳራሹ ሳይነቃ መቀጠል አለበት። ጊዜው መድረሱን የምትነግራቸው በመጋረጃው ቀኝ ላይኛ ጥግ ብልጭ ብላ የምትጠፋ ትንሽ ክብ ነጥብ ነች። መጀመሪያ ስትታይ የሁለተኛው ማሽን ሞተር ይነሳል፤ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ስትደገም ይቀየራል። ሕዝቡ ተዋናይዋን ሲያይ ጋሼ ጥጉን ነው የሚያዩት። እኔንም አስለመዱኝ። እስከ ዛሬ ከአሮጌ ኮፒ የተገለበጠ ፊልም ሳይ ዓይኔ ሳላዘው ወደዚያ ጥግ ይሄዳል።

ከሁሉ የሚያስቀድሙት ማዘር ኢንዲያን ነበር። በ1957 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ፊልም ነው፤ ለሳቸው ግን ስምንት ጊዜ መቀያየር ማለት ነው። እናትየዋ በመጨረሻ ሽፍታ በሆነው በገዛ ልጇ ላይ ስትተኩስ አዳራሹ ለቅሶ ቤት ይሆን ነበር ይላሉ። ሂንዲ የሚሰማ ሰው የለም፤ ግን የማያለቅስም የለም። እሳቸው ብቻ አያለቅሱም። «ዓይኔ እንባ ከያዘ ነጥቧ ታመልጠኛለች» ይላሉ። ፊልሙ ሲቀረጽ እሳት ከቁጥጥር ወጥቶ ናርጊስ መሀሉ ላይ ስትቀር፣ ልጇን ሆኖ የሚሠራው ሱኒል ደት ገብቶ አወጣት፤ ቆይተውም ተጋቡ። ጋሼ ይህን ባወሩ ቁጥር «በፊልሙ ልጇን ገደለች፣ በእውነቱ ባሏን አገኘች» ብለው የሚስቁት ሳቅ ነበራቸው።

ሲኒማ ፓራዲሶን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። በ1988 እ.ኤ.አ. የተሠራው የጣልያኖች ፊልም፣ ስለ አንድ መንደር ሲኒማ ቤትና ስለ ማሽን ክፍሉ ሽማግሌ። እንደሚያለቅሱ እርግጠኛ ነበርኩ። ጋሼ ተናደዱ! ሽማግሌው ቦታ ላላገኘው ሕዝብ ብሎ ፊልሙን በመስኮት አሻግሮ አደባባዩ ላይ ሲያሳይ፣ ማሽኑን ዘንግቶ ሲቆም፣ እሳት ሲነሳ፣ «ይሄ ሰውዬ ገና በመጀመሪያው ሳምንት መባረር ነበረበት» አሉ። ከዚያ ረጅም ትምህርት ተከተለ። የድሮው ፊልም ከናይትሬት ስለሚሠራ እንደ ባሩድ ይነዳል፤ እሳቸው የሠሩበት የኋለኛው ዓይነት ደግሞ መብራቱ ፊት ከቆመ ይቀልጣል እንጂ እንደዚያ አይቀጣጠልም። ሽማግሌው ዓይኑን ሲያጣ ግን ዝም አሉ። ቆይተው፣ «የሱን ዓይን እሳት በላው፣ የኔን ስኳር» አሉና ሻይ አምጡልኝ አሉ። ያለ ስኳር።

ጤዛን አብረን አይተናል። ኃይሌ ገሪማ በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ በዳኞች ልዩ ሽልማትና በስክሪፕት የተሸለመበት፣ በማግሥቱ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ ትልቁን ሽልማት የወሰደበት ፊልም ነው። ስለ ሽልማቱ ጋሼ ደንታም አልነበራቸው። አንበርብር ከጀርመን ተመልሶ ጣና ዳር እናቱ ቤት ሲቀመጥ፣ የመንደሩ ልጆች ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ ሲደበቁ፣ ጋሼ ምንም አላሉም። መብራት ሲበራም አልተነሱም። ስለዚያ ዘመን ከሳቸው አንድም ቃል ሰምቼ አላውቅም ነበር። የዚያን ምሽት ነው የነገሩኝ፦ በ1970 ሁለተኛው ማሽን ላይ የሚሠራ ጓደኛ ነበራቸው። አንድ ምሽት ሳይመጣ ቀረ። ጋሼ ሁለቱንም ማሽን ብቻቸውን አጫወቱ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሮጡ፣ አንድም ጥቅል ሳያቋርጡ። ሕዝቡ ምንም ሳያውቅ ጨርሶ ወጣ። ጓደኛቸው በማግሥቱም አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም። ምን ፊልም እንደነበር ጠየቅኳቸው። «ኮሜዲ» አሉኝ።

ይሄን ለበዓል መጻፍ ይገባል አይገባም ብዬ አስቤበታለሁ። ጋሼ ግን ያንን ሰው በየዕንቁጣጣሹ ያስቡት እንደነበር ያወቅኩት ካረፉ በኋላ ነው፤ አክስቴ ናት የነገረችኝ። አሁን የሚያስበው ቁጥሩ እንዲበዛ ብዬ ጻፍኩት።

ባለፈው ዓመት ዓይናቸው ጨርሶ ሲደክም አስተርጓሚያቸው ሆንኩ፣ እንደ ቪዲዮ ቤቱ ልጅ። «አክተሩ ገባ፣ ቦሱ ሸሸ» ስል አይጥማቸውም። «ብርሃኑ ከየት በኩል ነው የሚመጣው?» ይሉኛል። በ1966 እ.ኤ.አ. የወጣውን የሰርጂዮ ሊዮኔን «ደጉ፣ ክፉውና አስቀያሚው» ስናይ መጨረሻ ላይ ሦስቱ ሰዎች መቃብሩ መሀል ተፋጠው ይቆማሉ።

«ምን እያደረጉ ነው?»
«እየተያዩ ነው ጋሼ።»
«አሁንስ?»
«አሁንም እየተያዩ ነው።»
«በል ተዋቸው፣ ሙዚቃውን ልስማበት።»

አንዳንዴ «ነጥቧ መጣች?» ይሉኝ ነበር። በላፕቶፕ የምናየው ፊልም ምን ነጥብ አለው! «መጣች» እላለሁ። ቀኝ እጃቸው ከብርድ ልብሱ በላይ ትንሽ ትነቃነቃለች።

የራሴን ምርጫ አንድ ላስገባ፤ የያሬድ ዘለቀ ላምብ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም። ልጁ ኤፍሬም ለበዓል ሊታረድ የተፈረደበትን በጉን ለማዳን የሚሆነውን ሁሉ ይሆናል። ማስጠንቀቂያ፦ ዛሬ ከልጆች ጋር እንዳታዩት። እኛ ቤት ግቢው ውስጥ በግ ታስሮ አይተነው የእህቴ ልጅ ለበጉ ጥብቅና ቆማ ቀኑን ሙሉ ተከራከረች። ጋሼ ዳኛ ሆነው ተሰይመው ለበጉ ፈረዱ። የዚያን ዓመት በዓል በሽሮ ነው የዋልነው። በጉን በኋላ ማን እንደበላው ልጅቷ ስለምታነብ እዚህ አልጽፍም።

ምስጋና አለብኝ። ሌሊት ላይ ደውዬላት «መጣሁ» ብላ ነጠላዋን እንደደረበች የወጣችው ነርስ፣ የሰፈራችን ልጅ፣ ዕድሜሽ ይርዘም። በድንኳኑ ሦስት ቀን ቡና ያፈሉት እትዬ፣ ዝናቡ ሲያፈስብዎ አንድ ቀን እንኳን ያላማረሩት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለኸው የአክስቴ ልጅ፣ ቲኬት አጥተህ በስልክ ያለቀስከውን እኛም አዳራሽ ሙሉ ሆነን ሰምተነዋል፤ ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ነበር፣ ማንም አልነገረህም። አሮጌ የፊልም ጥቅል በጨርቅ ጠቅልለህ «ጋሼ ሰጥተውኝ ነበር» ብለህ ያመጣኸው ወጣት፣ ሻይ ሳትጠጣ ሄደሃልና ተመለስ።

ምኞቴም በዚሁ መንገድ ይሂድ። ቆጥ ላይ፣ አልጋ ሥር፣ መጋዘን ውስጥ የድሮ ፊልም ቆርቆሮ ያላችሁ ሰዎች፣ ይሄ ዓመት ከፍታችሁ የምታሸቱበት ይሁን። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ካለ መበላሸት ጀምሯልና ከሙቀት አርቁት፣ ቶሎም ለሚያውቅ ሰው አሳዩት። በ1957 ዓ.ም. የተሠራውን ሂሩት አባቷ ማነውን በስም ብቻ የሚያውቅ ትውልድ ነን። የኃይሌ ገሪማ ምርት ሦስት ሺህ ዓመት ታድሶ ለማየት የበቃነው ቦሎኛ ያሉ ባለሙያዎች ስለደከሙበት ነው፤ ለነሱም መልካም አዲስ ዓመት። እዚህ ያሉ ባለሥልጣናትም ጽሑፌን የምታነቡ ከሆነ፣ ለሪባን ከሚወጣው መቀስ ላይ ተቀንሶ አንድ ቀዝቃዛ መጋዘን ይሠራ።

ቅዳሜ ማታ እኛ ቤት ማዘር ኢንዲያን እናያለን። ርዝመቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፤ መሀል ላይ እረፍት አለ፤ ማልቀስ ይፈቀዳል። ድፎ ዳቦ የምታመጡ ግን ቀድማችሁ ንገሩኝ፤ ባለፈው ሁላችሁም ጠጅ ይዛችሁ መጥታችሁ ፊልሙን እስከ መጨረሻው ያየሁት እኔና ጋሼ ብቻ ነን።